ቸርች የሚለው የእንግሊዝ ስም አጻጻፉ፥ ትርጓሜውና ምንጩ

እንግሊዞች የጸሎታቸውን ቤት ቸርች ብለው ይጠሩታል። ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው፤ በፊት ሲና ኤች፥ በመካከል ዩና አር፥ በመጨረሻም ዳግመኛ ሲና ኤች። ሲና ኤች ተጣምረው የቸን ድምፅ ስለሚሰጡ ቃሉ በዚያው ድምፅ ጀምሮ በዚያው ይጨርሳል። ልጅም ሽማግሌም በየቀኑ የሚናገረው ስም በመሆኑ፥ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቅ እንግሊዛዊ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ስም ከጽርእ ቋንቋ ተነሥቶ፥ በብዙ ሕዝብ አፍ አልፎ፥ ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ ደሴት የደረሰ መጻተኛ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመትም በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል፥ አይገባውም በማለት ታላላቅ ሰዎች ብርቱ ክርክር ተከራክረውበታል። በዚህ ጽሕፈት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

በጽርእ ቋንቋ ኪርዮስ ማለት ጌታ ማለት ነው፤ በግእዝ እግዚእ እንደምንለው ያለ ነው። ከዚሁ ስም ኪርያኮስ የሚል ቅጽል ወጣ፤ ትርጓሜውም ዘእግዚእ፥ የጌታ የሆነ ማለት ነው። ቅጽሉ ለቤት ሲነገር ኪርያኮን ይሆናል፤ ይኸውም የጌታ ቤት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቸርች ከዚህ ቃል እንደ ወጣ የቋንቋ ሊቃውንት ተስማምተዋል።

የዚህ ቃል ዘመዶች ለኢትዮጵያ ካህናትም እንግዶች አይደሉም። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን እየሰገዱ ኪርያላይሶን ሲሉ፥ አቤቱ ይቅር በለን የሚለውን የጽርእ ጸሎት መናገራቸው ነው፤ ኪርያ የተባለውም ያው ጌታ ሆይ የሚለው ጥሪ ነው። ቅዳሴ ማርያምን የደረሰው የብህንሳው አባ ሕርያቆስ ስሙ በጽርእ ኪርያኮስ ነው፤ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ድምፁ ተለውጦ ሕርያቆስ ሆነ እንጂ ትርጓሜው የጌታ የሆነ ማለት ነው። ግሪኮችም ዛሬ እሑድን ኪርያኪ ይሏታል፤ የጌታ ዕለት ማለታቸው ነው። እንግዲህ ኪርያላይሶን፥ ሕርያቆስና ቸርች የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ማስተዋል ይገባል። ኪርያኮስ የሚለው ቅጽል በሐዲስ ኪዳን የሚገኘው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው። አንዱ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ቍጥር 20 ስለ ጌታ እራት ሲነገር፥ ሁለተኛው በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 1 ቍጥር 10 ስለ ጌታ ቀን ሲነገር ነው። ስለ ቤት የተነገረበት ስፍራ የለም። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ሐዋርያትና ደቀ መዛሙርቶቻቸው ይሰበሰቡ የነበረው በምእመናን መኖሪያ ቤት ነበርና፥ ለብቻው ስም የሚያሻው ሕንፃ ገና አልነበራቸውም። ሕንፃው ሲበዛ ስሙ መጣ። ክርስቲያንን ሲያሳድድ የነበረው የምሥራቁ ገዥ መክሲሚኖስ በ313 ዓ.ም. ሐሳቡን ለውጦ ክርስቲያኖች የጌታን ቤቶች እንዲሠሩ የፈቀደበትን ዐዋጅ፥ አውሳብዮስ በታሪኩ ጽፎ አቈይቶታል፤ በዚያ ዐዋጅ ውስጥ ቤቶቹ የተጠሩት በዚሁ ኪርያኮን በሚለው ስም ነው። በ314 ዓ.ም. በአንቆራ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳትም በቀኖናቸው ይህንኑ ቃል ጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ሕዝቦች በሁለት ወገን ተከፈሉ። ከሮማውያን ቋንቋ የተወለደ ቋንቋ የሚናገሩት አብዛኞቹ ኤክሌሲያ የሚለውን ሌላውን የጽርእ ቃል ያዙ፤ ከእርሱም ፈረንሳዮች ኤግሊዝ፥ ኢጣልያኖች ኪዬዛ፥ እስፓኞች ኢግሌሲያ አሉ። የጀርመን ወገን የሆኑት ግን ኪርያኮንን ያዙ፤ ጀርመኖች ኪርኸ፥ ሆላንዶች ኬርክ፥ ስዊድኖች ሺርካ ይላሉ። ሩስያውያንም ጼርኮፍ የሚሉት ከዚሁ ወገን ነው። ሮማንያውያን ግን ባሲሊካ ከሚለው ቃል ቢሴሪካ የሚል ስም አወጡ።

ጀርመኖች ይህን ቃል ከማን ተቀበሉት የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ብዙ አድክሟል። አንዳንዶቹ ጎታውያን አመጡት አሉ፤ ነገር ግን ኤጲስ ቆጶስ ኡልፊላስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎታውያን ቋንቋ ሲመልስ የጻፈው ኤክሌሲያ ከሚለው የተወሰደውን ቃል ነው እንጂ ኪርያኮንን አይደለም። ሌሎች ደግሞ በራይን ወንዝ ዳር በነበሩት የሮማውያን ከተሞች በኩል፥ በቈስጠንጢኖስ ዘመን ገባ ይላሉ። መንገዱ የትኛውም ቢሆን፥ አንግሎችና ሳክሶኖች ስሙን ያወቁት ገና ሳይጠመቁ ይመስላል። በ597 ዓ.ም. ከሮማ ጳጳስ ከጎርጎርዮስ ተልኮ ወደ ኬንት የመጣው መነኵሴ አውግስጢኖስ የሚጸልይበት ላቲን ኤክሌሲያ ይል ነበር፤ ያስተማራቸው ሰዎች ግን የመምህራቸውን ቃል ትተው ቀድሞ በአፋቸው የነበረውን ይዘው ቀሩ። የቋንቋ ነገር እንዲህ ነው፤ ሕዝብ ሃይማኖቱን ከመምህር ሲቀበል ስሙን ከጎረቤት ይቀበላል።

ኤክሌሲያ ግን በዚያች ደሴት ጨርሶ አልጠፋም። ከእንግሊዞች በፊት አገሩን ይዘው የነበሩት ብሪቶኖች ከሮማውያን ተቀብለውት ስለ ነበር፥ የእነርሱ ልጆች የዌልስ ሰዎች ዛሬም ኤግሉይስ ይላሉ። በእንግሊዝ አገር ኤክልስ የሚባሉ መንደሮችም አሉ፤ አንዱ በማንቸስተር አጠገብ ነው። እንግሊዞች ወደዚያ ሲደርሱ የብሪቶኖችን የጸሎት ቤት አግኝተው፥ ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳያውቁ የመንደሩ ስም አድርገውት ቀሩ።

የእንግሊዝ ቋንቋ የተጻፈበት የመጀመሪያው ሕግ የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት በ600 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው ነው። የዚህ ሕግ የመጀመሪያው አንቀጽ የእግዚአብሔርንና የቤቱን ገንዘብ የሰረቀ ዐሥራ ሁለት እጥፍ ይክፈል የሚል ነው፤ ቤቱም የተጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ ቃሉ ከእንግሊዝ ሕግ ሁሉ በፊተኛው መስመር ላይ ቆሞ ይገኛል ማለት ይቻላል። ሕጉ የደረሰን ግን በ12ኛው መቶ ዓመት በሮቸስተር በተገለበጠ መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን ቃሉ የሚጻፈው ቺሪቼ ተብሎ ሲነበብ፥ ፊደሉ ግን በሲ ብቻ ነበር። ሲ ጥንት የከን ድምፅ የምትሰጥ ፊደል ነበረች፤ ታዲያ ከ እንዴት ቸ ሆነ ቢባል፥ የግእዝና የአማርኛ ተማሪ መልሱን ከራሱ ቋንቋ ያገኘዋል። ግእዝ ወላዲ ያለውን አማርኛ ወላጅ ይላል፤ ግእዝ ለባሲ ያለውን አማርኛ ለባሽ ይላል። በሣልሱ ድምፅ ምክንያት ደ ወደ ጀ፥ ሰ ወደ ሸ ለዘበ፤ ሣልሱም ሥራውን ፈጽሞ ጠፋ። በእንግሊዞችም ዘንድ እንዲሁ፥ ከ በኢ አጠገብ በሆነ ጊዜ ለዝቦ ቸ ሆነ፤ በቃሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ከዎች ሁለቱም በኢ አጠገብ ስለ ነበሩ ሁለቱም ለዘቡ። በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ ጸሐፊዎቻቸው ይህን ድምፅ እንደ ፈረንሳይ ልማድ በሲና በኤች ይጽፉት ጀመር። በመካከል ያለው ድምፅ እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ ብዙውን ጊዜ በአይ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ የጆን ዊክሊፍ ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ሲመልሱም ቺርቸ ብለው ጽፈዋል። ኋላ ዩ ተተካበት፥ በመጨረሻ የነበረችውም ኢ ወደቀች።

ሰሜኖቹ ግን አላለዘቡትም። ከዴንማርክና ከኖርዌይ የመጡት ሰዎች በሰፈሩበት አገር ከ ጸንቶ ቀረ፤ እስኮትላንዶች ዛሬም ኪርክ ይላሉ። ስለዚህ የእንግሊዝን አገር ካርታ የሚመለከት ሰው በደቡብ ዊትቸርች፥ ክራይስትቸርች የሚል ስም ሲያገኝ፥ ወደ ሰሜን ሲወጣ ኪርክቢ፥ ኦርምስኪርክ የሚል ያገኛል፤ ማን የት እንደ ሰፈረ ከመንደሩ ስም ይነበባል።

ቃሉ ከላቲኑ ሰርከስ፥ ክብ ከሚለው ወጣ ያሉም ነበሩ፤ የጥንት አረማውያን በክብ በቆመ ድንጋይ መካከል ያመልኩ ነበር በማለት። ይህ ሐሳብ ለጆሮ ቢጥምም ፊደሉ አይቀበለውም። ጥንታዊው አጻጻፍ ከአር ቀጥሎ ኢ አለው፤ ያ ኢ በኪርያኮን ውስጥ አለ፥ በሰርከስ ውስጥ ግን የለም።

እስካሁን የተነገረው የፊደል ነገር ነው። ክርክሩ የመጣው በትርጓሜው ነው።

ሐዋርያት ስለ ምእመናን አንድነት ሲጽፉ የተጠቀሙበት ቃል ኪርያኮን ሳይሆን ኤክሌሲያ ነበር። ኤክሌሲያ በአቴና የከተማው ሰዎች በአዋጅ ተጠርተው የሚሰበሰቡበት ሸንጎ ስም ነበር፤ ሰብዓው ሊቃናትም ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ሲመልሱ ቃሃል የሚለውን፥ የእስራኤልን ጉባኤ፥ በዚሁ ቃል ተረጐሙት። ስለዚህ ቃሉ ሰዎችን እንጂ ግንብን አያመለክትም። እንግሊዞች ግን ለኤክሌሲያም ለሕንፃውም ያላቸው ስም አንድ ቸርች ብቻ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ ቸርች ሲባል ጳጳሳቱና ካህናቱ፥ ርስታቸውና ሥልጣናቸው ማለት እየሆነ ሄደ። ከሦስቱ አንዱን ለይቶ ለመናገር የፈለገ ሰው ቃል አጣ።

ዊልያም ቲንዴል በኦክስፎርድ የተማረ ካህን ነበር። ሐዲስ ኪዳንን ከጽርእ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ አስቦ በ1523 ዓ.ም. የለንደኑን ኤጲስ ቆጶስ ተንስታልን ድጋፍ ለመነ፤ አላገኘም። በማግሥቱ ዓመት ወደ ጀርመን አገር ተሻገረ። በ1525 በኮሎኝ ማተም ቢጀምር ተደርሶበት ሥራውን አቋርጦ ሸሸ፤ በ1526 ግን በዎርምስ ከተማ አሳትሞ ጨረሰ፤ መጽሐፉም በነጋዴዎች ዕቃ መካከል ተሸሽጎ እንግሊዝ አገር ገባ። በዚያው ዓመት ተንስታል የተገኘውን ሁሉ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ አደባባይ አስቃጠለ።

በዚህ መጽሐፍ ቲንዴል ኤክሌሲያን በደረሰበት ሁሉ ቸርች ማለትን ትቶ ኮንግሪጌሽን፥ ማለት ጉባኤ፥ ማኅበር አለ። ቄስ ይባል የነበረውንም ሽማግሌ፥ ንስሐ ግቡ ይባል የነበረውንም ተመለሱ አለ። አንድ ስም መለወጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ጌታ ለጴጥሮስ በተናገረው ቃል ውስጥ በዓለቱ ላይ የሚሠራው ቸርች ከሆነ፥ አንባቢው ወዲያው ጳጳሳቱን ያስባል፤ ጉባኤ ከሆነ ግን ራሱንና ጎረቤቱን ያስባል። የሥልጣን ሁሉ መሠረት በሚሆነው ቍጥር ላይ አንድ ቃል ተነቀለ። ጳጳሳቱ መቈጣታቸው አለምክንያት አልነበረም።

ተንስታል በ1528 ዓ.ም. እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት አንብቦ በእንግሊዝኛ መልስ እንዲሰጥ ቶማስ ሞርን ፈቀደለት። ሞር በሕግ ዐዋቂነቱና በብልሃቱ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። በ1529 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጉባኤ የሚለው ስም ለማንኛውም ስብስብ የሚነገር ነው፤ የክርስቲያን ወገን ለብቻው የሚታወቅበት የእንግሊዝ ስም ግን ቸርች ነው፤ ሕዝብ የሚያውቀውን ስም ማጥፋት ኑፋቄን በትርጓሜ መደበቅ ነው ሲል ከሰሰው። ቲንዴል በ1531 መለሰ፤ ቃሉ በጽርእ ከሐዋርያት በፊት ለማንኛውም ስብሰባ ይነገር እንደ ነበር፥ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 19 በኤፌሶን ለጮኸው ሕዝብ እንኳ መነገሩን አሳየ። ደግሞም የሞር ወዳጅ ኤራስሙስ በላቲን ትርጓሜው በአንዳንድ ስፍራ እንዲሁ ጉባኤ ብሎ ሳለ ሞር እርሱን ለምን ዝም እንዳለው ጠየቀ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሞርን ሳይነካው አልቀረም፤ የኤራስሙስ ሐሳብ ክፉ ስላልነበረ ነው ብሎ መመለስ ግድ ሆነበት። እንዲህ ከሆነ ግን ነገሩ የቃል መሆኑ ቀርቶ የልብ ሆነ ማለት ነው። ሞር በ1532 እና በ1533 እጅግ ረዥም መልስ ጻፈ፤ የሚበዛው ክፍልም ዘለፋ ነው።

ሁለቱም በከፊል እውነት ነበራቸው። ስለ ጽርእ የቲንዴል አነጋገር ትክክል ነው፤ ስለ ሕዝቡ ልማድ የሞር አነጋገር ትክክል ነው። ቃል የሚኖረው በምንጩ ብቻ አይደለም፥ በተናጋሪው አፍም ነው እንጂ።

ክርክሩ ሳይፈጸም ሁለቱም ሞቱ። ሞር ንጉሡ ሄንሪ 8ኛ የቸርች የበላይ ራስ ነኝ ማለቱን በመሐላ አልቀበልም በማለቱ ሐምሌ 6 ቀን 1535 አንገቱ ተቈረጠ። ቲንዴል በዚያው ዓመት በአንትወርፕ ተከድቶ ተያዘ፤ በብሩክሰል አጠገብ በቪልቮርዴ ግንብ ታስሮ ከቈየ በኋላ፥ በኑፋቄ ተፈርዶበት በጥቅምት ወር 1536 በገመድ ታንቆ ሬሳው ተቃጠለ። የተፈረደበት ስለዚህ ስለ አንድ ቃል ብቻ አልነበረም። ሆኖም በአንዱ ቃል ላይ የተጣሉት ሁለት ሰዎች፥ አንዱ በንጉሥ እጅ ስለ ቸርች ሥልጣን፥ ሌላው ስለ ትምህርቱ በአንድ ዓመት ከሩብ ውስጥ መገደላቸው የሚያስደንቅ ነው። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ በ1539 በዚያው በሄንሪ ፈቃድ ታትሞ በየደብሩ እንዲቀመጥ የታዘዘው ታላቁ መጽሐፍ ቅዱስ ጉባኤ የሚለውን የቲንዴልን ቃል ይዞ መገኘቱ ነው።

በ1560 በጄኔቭ ስደተኞች ያሳተሙት ትርጓሜ ቸርች ወደሚለው ተመለሰ። በ1568 ኤጲስ ቆጶሳቱ ያዘጋጁት ደግሞ ለጴጥሮስ በተነገረው ስፍራ ጉባኤ አለ፤ ስደተኞቹ የጳጳሳቱን ቃል ሲይዙ ጳጳሳቱ የስደተኛውን ቃል መያዛቸው ነው! ነገሩን የቈረጠው ንጉሥ ጀምስ 1ኛ ነው። በጥር 1604 በሃምፕተን ኮርት በተደረገው ጉባኤ አዲስ ትርጓሜ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ለተርጓሚዎቹ ከተሰጡት 15 ደንቦች ሦስተኛው፥ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ቃላት ይጠበቁ፥ ቸርች የሚለውም በኮንግሪጌሽን አይለወጥ የሚል ነበር። ከደንቦቹ መካከል በስም የተጠራ ቃል ያለው እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው። በ1611 የታተመው መጽሐፍ አብዛኛውን የቲንዴልን አነጋገር ወርሶ ሳለ ይህን አንዱን ቃል ጣለ።

ነገር ግን ደንብ ሁሉን አይሸፍንም። በዚሁ በ1611 መጽሐፍ የግብረ ሐዋርያትን ምዕራፍ 19 ያነበበ ሰው ተገላቢጦሽ ያገኛል። በቍጥር 32፥ 39 እና 41 ጽርኡ ኤክሌሲያ ሲል እንግሊዝኛው ሸንጎ ይላል፤ ስለ አርጤምስ የሚጮኸውን ሕዝብ ቸርች ማለት አልተቻለምና። በቍጥር 37 ግን ጽርኡ ኤክሌሲያ ሳይል፥ ስለ ጣዖት ቤት ዘራፊዎች ሲናገር፥ እንግሊዝኛው የቸርች ዘራፊዎች ይላል። ይህም ከቲንዴል የቀረ ነው። ሰዎቹ ቸርች አልተባሉም፤ የጣዖቱ ግንብ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት ወገኖች ስሙን ለሕንፃው መስጠትን የጠሉ ነበሩ። የክዌከሮች መሪ ጆርጅ ፎክስ፥ በ1691 የሞተው፥ የእንግሊዞችን ደብር ሁሉ በሹል ጣሪያው ምክንያት ሾጣጣ ቤት ይለው ነበር እንጂ ቸርች አይለውም ነበር። ወደ አሜሪካ የተሻገሩትም የኒው ኢንግላንድ ሰዎች ምእመናኑን ቸርች፥ ቤቱን ግን መሰብሰቢያ ቤት አሉት። በ1604 የተከለከለው ኮንግሪጌሽን የሚለው ቃልም የእነርሱ ወገን መጠሪያ ሆኖ ተነሣ።

ግእዝ ግን ይህ ሁሉ ችግር አልደረሰበትም። የግእዝ ተርጓሚዎች ኤክሌሲያን እንደ ሮማውያን በድምፁ አልወሰዱትም፥ ኪርያኮንንም አልተከተሉም፤ ቤተ ክርስቲያን አሉ። ቤት በግእዝ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ቤተ እስራኤል፥ ቤተ ያዕቆብ ሲባል ወገኑ፥ ነገዱ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ ግንቡንም ሰዉንም በአንድነት ይይዛል። ሊቃውንቱም ቤተ ክርስቲያን ሕንፃው፥ እያንዳንዱ ምእመን፥ የምእመናንም ማኅበር ናት ብለው በሦስት ወገን ሲተረጕሙ ከቃሉ ውጭ አልሄዱም። ሞርና ቲንዴል ይህ ቃል ቢኖራቸው ኖሮ ጠባቸው ይቀር ነበር ለማለት አይቻልም፤ የተጣሉት በሥልጣን ነውና። ቢያንስ ግን የሚጣሉበት ሌላ ቃል ባስፈለጋቸው ነበር።

ዛሬ በለንደንና በዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደብራቸው ደጅ ሰሌዳ ሲሰቅሉ፥ በላይ በግእዝ ፊደል ቤተ ክርስቲያን፥ በታች በላቲን ፊደል ቸርች ብለው ይጽፋሉ። አንዱ የሌላው ትርጓሜ መስሎ ይነበባል፤ የላይኛው ግን የክርስቲያኖች ቤት ይላል፥ የታችኛው የጌታ ቤት።